ልኩ ያልተወሰደለት ደንበኛ

ሻለቃን ቅዳሜ ለሰፈሩ አናጢ ሊሰጡት ነው ሲባል ልጅቷ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ሻለቃ ውሻቸው ነው። ስሙ የወጣለት በየጠዋቱ የጓሮውን አጥር ታክኮ እንደ ወታደር ሮንድ ስለሚወጣ ነው፤ ዝናብም ጭቃም ቢሆን ቀርቶ አያውቅም። ወንጀሉ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ቆስጣ ረገጠ። በቃ ይኸው ነው። ቆስጣ ረግጦ ከቤት የሚባረር ማን አለ?

ጥፋቱ እኮ የአባቷ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። አትክልት ልትከል ሲል መጀመሪያ ያነሳው ዶማ መሰላችሁ? ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቅድ የሚያወጣበትን ካኪ ወረቀት ዘርግቶ፣ መደቦቹን እንደ ሱሪ ነደፋቸው። ካሮት እዚህ፣ ሰላጣ እዚያ፣ ቆስጣ አጥሩ ሥር። ጨርቅ ማባከን አይወድም፣ መሬትም እንዳይባክንበት ብሎ ቆስጣውን ከአጥሩ ጋር አጣበቀው። የተወው ሁለት ጣት ብቻ ነው፣ ለስፌት። የሚሰፋ ነገር የለም እኮ፤ ግን እጁ ለምዷል።

በማግስቱ ሻለቃ ሮንድ ሲወጣ መንገዱ ላይ ቆስጣ ተተክሏል። ምን ያድርግ ታዲያ? አለፈበት። አባቷ ሦስት ጊዜ ችግኝ ተከለ፣ እሱም ሦስት ጊዜ አለፈበት፣ አለቀ፣ ተፈረደበት።

ይባስ ያሳረራት ደግሞ ድመቷ ናት። እመቤት ለስላሳ አፈር ስታይ ሽንት ቤት የተሠራላት ነው የመሰላት፤ የካሮቱን መደብ እንዳልነበረ አደረገችው። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ልጅቷ ለምን ብላ እናቷን ስትጠይቅ እሷ እኮ ትሸፍነዋለች አለቻት። እና የሸፈነ ሁሉ ንጹሕ ነው?

ቅዳሜ ጠዋት አናጢው ገመድ ይዞ መጣ። ልጅቷ ሜትሩን ከአባቷ አንገት ላይ መንጭቃ ወደ ጓሮ በረረች፤ ሻለቃ ሥር ተንበርክካ ትለካው ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቷ።

«ያንተን ሥራ። አባዬ፣ ልኩን ያልወሰድክለትን ሰው ልብስ ቆርጠህ ታውቃለህ?»

እንኳን ሊቆርጥ አስቦም እንደማያውቅ፣ ሠላሳ ዓመት መቀስ ይዞ ስሙን ማንም እንዳላጠፋበት ተቆጥቶ ነገራት።

«እና ጓሮውን በማን ልክ ነው የቆረጥከው? በቆስጣው? እዚህ የሚመላለሰው እሱ ነው። ልብሱ ጠቦት ቢቀደድ ጥፋቱ የለባሹ ነው?»

አናጢው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቷ አልሳቀም። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሜትሩን ተቀበላት። በቃ አለቀልን ብላ የሻለቃን አንገት እቅፍ አደረገች።

አባቷ ግን ጎንበስ ብሎ የውሻውን ወርድ ከጎን እስከ ጎን ለካ። አንዴ ለክቶ አያምንምና ደገመው።

«ሃያ ስምንት ሴንቲ» አለ እንደተኮሳተረ። «ሲሮጥ እንዳይዘው አርባ አምስት እናድርገው።»

አናጢው ይዞት የመጣው ገመድ ለአዲሱ መደብ መስመር ማስመሪያ ሆኖ ቀረ። ቆስጣው ወደ ውስጥ ገባ፣ ሻለቃም የተከፈተለትን መንገድ እያሸተተ ሮንዱን ወጣ።

የልጅቷ ንዴት ግን መች በረደ? እመቤት ካሮቱ መሐል ቁጢጥ ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። ልጅቷ ሜትሩን በር ላይ ለቆመችው እናቷ ዘረጋችላት።

«የእሷን ልክ ደግሞ አንቺ ውሰጂ።»