ያልተለካው አስራ ዘጠኝ ቀን

የግራፉን መስመር ውፍረት ጨመር አድርጋ ኮዱን እንደገና አስኬደችው። አሁን ይሻላል። ቀለሙን ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ለወጠች፤ የወራቱ ስም እየተደራረበ ስላስቸገራት ፊደሉን አሳንሳ አጋደም አደረገችው። የጎርፉ ዓመት የወንዝ ከፍታ ላፕቶፑ ላይ ጥርት ብሎ ተዘረጋ። አራት ሰዓት ላይ የአዲሱ ድልድይ ቁመት የሚወሰንበት ስብሰባ አለ፤ ግራፉ ለዚያ ነው።

አባቷ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ከኋላዋ ቆሙ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያንን ወንዝ ጠዋትና ማታ ሲለኩ የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ ቁጥሮቹ በሙሉ ከእሳቸው መዝገብ የተገለበጡ ናቸው።

"እሰይ፣ አምሮበታል!" አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ጣታቸው ክረምቱ መካከል ላይ አረፈ። "ይኼኛውን ማን ለካው?"

"የትኛውን አባባ?"

"ይኼን ቀጥ ያለውን። እኔ እዚህ ጋ አስራ ዘጠኝ ቀን አልለካሁም።"

"ፕሮግራሙ ነው የሞላው። ባዶው ዓይን ይወጋል ብዬ አገናኘው አልኩት።"

"ፕሮግራሙ ወንዝ ወርዶ ያውቃል?"

ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"አሮጌውን ድልድይ ውሃ የወሰደው በእነዚያ ቀናት ነው። የት ድረስ እንደወጣ የለካ የለም። ያንቺ መስመር ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተኝቶ ያልፋል።"

ይህን እሷም አታጣውም። ክፍተቱ ከታየ ግን "ለኪው የት ነበር?" መባሉ አይቀርም፤ ለኪው ማን እንደሆነ ደግሞ ቢሮው በሙሉ ያውቃል።

"ስምዎ በክፉ እንዲነሳ አልፈለግኩም" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

አባቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "የት ነበር ካሉሽ፣ ልጁን ሆስፒታል ያስታምም ነበር በያቸው። ማጅራት ገትር ይዞሽ፣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላሽም ነበር። ምትክ ላኩልኝ ብል ሰው የለም አሉኝ። ጥዬ ሄድኩ። የደረጃ እድገቴም በዚያው ቀረ።"

"ነግረውኝ አያውቁም እኮ!"

"ምኑ ይነገራል? ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ያልለካሁትን ለካ መባል ግን አልወድም።"

ስልኳ ጠራ። የክፍል ኃላፊዋ ነው።

"አለቀ? ጥያቄ የሚጭር ነገር እንዳይኖረው አደራ!"

"አንድ አለው" አለች። "ስብሰባው ላይ እኔው እመልሰዋለሁ።"

ስልኩን ዘግታ፣ መስመሩን የሚያገናኘውን ትእዛዝ ሰረዘች። ሰማያዊው መስመር ክረምቱ መካከል ላይ ተቋረጠ። ክፍተቱን ስስ ግራጫ ቀባችውና "ልኬት አልተወሰደም" ብላ ጻፈችበት። ከግርጌ፣ የመረጃው ምንጭ በሚለው ቦታ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ ነበር። ከጎኑ የአባቷን ስም እስከነአያታቸው አስገባች፤ ፊደሉንም ከርእሱ እኩል አጎላችው።