ከፒካፗ ኋላ የተለጠፈው

«ወላሂ! ከምነግርህ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ውሸት ብትገኝ፣ መጋዘን ሙሉ በርበሬዬ ስኳር ይሁንብኝ!» አለ መሐመድአወል፣ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ።

የበርበሬ ነጋዴ በበርበሬው ከማለ ወዲያ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? ቡሬ ውስጥ ግን ይህችን መሐላ ያልሰማ ጆሮ የለም። መሐመድአወል ትናንት ዘነበ ለማለትም ይምላል፤ ካፊያውን ጎርፍ፣ ጎርፉን ዓባይ ሳያደርስ አያቆምም። መምህር አዛናው ግን ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ መጥቶ ገና መውረዱ ነበርና በጨዋ ደንብ አዳመጠ። የመጣው መኪና ሊገዛ ነው፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለማንኩሳ ዶሮ አርቢዎች መኖ የሚጭንባት ፒካፕ ይፈልጋል።

ፒካፗ ግቢው መሐል ቆማለች። ድሮ ነጭ ነበረች፤ አሁን የበርበሬ አቧራ ጠጥታ ጠጥታ የወተት ሻይ መስላለች። መሐመድአወል የሚሸጣት ጠልቷት አይደለም። ዓይኑ ደክሟል፤ ከፊት የሚመጣው ባጃጅ በሬ፣ በሬው ባጃጅ እየመሰለው ተቸግሯል። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጥ ነግሮታል። እሱ ሲያወራው ሐኪሙም አልቅሷል፣ ነርሶቹም አልቅሰዋል፣ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ከንፈሩን መጧል።

«ፈረስ ቤት ዳገት ላይ» አለ የመኪናዋን ጎን እንደ ፈረስ ዳሌ መታ መታ እያደረገ፣ «ሲኖትራክ ጭቃ ይዞት፣ ይህች ልጅ ጎትታ አወጣችው። እንዲያውም በሲኖትራኩ ላይ ሌላ ሲኖትራክ ተጭኖ ነበር!»

«በስልክ ሲነግሩኝ እኮ አይሱዙ ነበር ጋሼ» አለ አዛናው ፈገግ ብሎ።

«አይሱዙውም ከላይ ነበር! ምነው አንተ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ታርመኛለህ? በል ወደ ኋላዋ ና።»

ከኋላ ሳንቃዋ ላይ ሦስት የሚያብረቀርቁ ምልክቶች ተለጥፈዋል፦ ኤስ፣ አር፣ 5። መሐመድአወል ድምፁን ከፍ አደረገ። ሚስቱ ሳቢሃ ከመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን በሻሽዋ ሸፍና በርበሬ ትቀነጥሳለችና እንድትሰማለት ፈልጓል።

«ልገዛት ስል ጃፓን ደወልሁ። የፋብሪካው ሹም ራሱ አነሳው። በአማርኛ ነው ያወራነው፤ ጃፓኖች ለቋንቋ ትጉ ናቸው። ‹ከኋላዋ ምን ይጻፍልህ?› አለኝ። ‹ኤስ በል፣ ሳቢሃ ማለት ነው። አር በል፣ ሩሔ፣ ነፍሴ ማለት ነው› አልሁት። ሰውየው ስልኩን ይዞ ተንሰቀሰቀ።»

«አምስቱስ?» አለ አዛናው።

መሐመድአወል በጣቱ አምስቷን ዳሰሰ። ፒካፗ ግቢ የገባች ቀን፣ ሁለቱም ገና ሙሽሮች ሳሉ፣ ለሳቢሃ «አምስት ልጆች ይወለዱልናል፤ ጃፓኖቹ አስቀድመው አውቀውታል» ብሏት ነበር። ልጅ አልመጣም። ዘመን ሲገፋ፣ አንዳቸውም ምንም ሳይሉ፣ አምስቱ ትርጉሙን ለወጠ። መጀመሪያ በርበሬ የሚሸጡባቸው አምስት ገበያዎች ሆነ። ቆየት ብሎ አምስቱ ሰላት ሆነ። ሳቢሃ በየጊዜው «እንዲያ ነው እንዴ?» እያለች ትቀበለዋለች። ሌላውን ውሸቱን ሁሉ እንደ ገለባ ሲበትን የኖረ ሰው፣ ይህችን አንዷን ግን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ይዟታል።

«አምስቱ ሰላት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

አዛናው ስልኩን አወጣ። «እኔ እንኳ ልግዛት ብዬ ሳስብ ትንሽ አንብቤ ነበር። አምስቱ የማርሹ ነው ጋሼ፤ ባለ አምስት ማር…»

መሐመድአወል ክንዱን ጨመቀው። «ዝቅ አድርገው!»

«ምኑን?»

«ድምፅህን። ሳቢሃ ትሰማለች።» ራሱ ሲናገር እንዲህ ዝቅ ያለበት ጊዜ ትዝ አይለውም። በደከመ ዓይኑ ወደ መጋዘኑ በር አየ፤ የሳቢሃ ሻሽ ቢጫ ነጥብ ብቻ ሆኖ ታየው። ቀና አለች አላለች፣ መለየት አልቻለም።

አዛናው ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። «እሺ። ሰላት ነው።»

«ተባረክ። እንግዲህ ስማኝ፤ በዋጋው ተስማምተናል። መኪናዋን ውሰድ። ፊደሎቹ ግን ተነቅለው እዚህ ይቀራሉ።»

«ኧረ ጋሼ! ሲነቀሉ እኮ ጠባሳው ይቀራል፤ ይዝጋልም። ነገ እኔም ልሽጣት ብል፣ ገዢው ኋላዋን አይቶ ‹ተገልብጣ ሳንቃዋ ተቀይሯል› ብሎ ነው የሚሸሸኝ።»

«አንተ የማን ልጅ ነህ? አባትህ አላረሱም?»

«አርሰዋል እንጂ።»

«በሬ ሲሸጡ ገመዱን አብረው ይሰጡ ነበር?»

አዛናው ሳቀ። «አይሰጡም። ገመድማ ከሻጭ ቤት ይቀራል፤ ረድኤቱ ከበሬው ጋር እንዳይሄድ።»

«እንግዲያ!»

«ገመድ በሬው ላይ አልበቀለማ ጋሼ! ይሄ እኮ የመኪናዋ አካል ነው። ቀንዱን ነቅዬ ላስቀር የሚል ሻጭ አይቼ አላውቅም።»

መሐመድአወል ወትሮም ሲሸነፍ እንደሚያደርገው ነገሩን አተለቀው። «ለኔማ ምን ቸገረኝ? ብረት ነው፣ ላስቲክ ነው። ጉዳዩ የሷ ነው። ሳቢሃ እነዚህን ፊደሎች ካጣች ወር አትከርምም! ጁምዓ በመጣ ቁጥር ማለዳ ወጥታ በሻሽዋ ጫፍ ትወለውላቸዋለች። ትወለውላለች፣ ታለቅሳለች። አንድ ክረምት እንባዋ ጎርፎ የጎረቤት ባጃጅ ይዞ ሄዷል! ወላሂ፣ የቡሬ ሕዝብ ምስክሬ ነው። አንተ የሴት እንባ ተሸክመህ ፍኖተ ሰላም ድረስ መንዳት ትችላለህ?»

አዛናው ወደ ምድር አየ። ሳቁ ጠፍቷል፤ ግን ደግሞ የዝገቱን ነገር፣ የነገውን ገዢ ነገር እያሰበ እንደሆነ ከግንባሩ ይነበባል። «ካልሆነ…» አለ በመጨረሻ፣ «ካልሆነ ሌላ መኪና ብፈልግ ይሻለኛል ጋሼ። አይቀየሙኝ።»

መሐመድአወል ለሌላ መሐላ ቀኝ እጁን አነሳ።

ሳቢሃ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ሻሽዋን ከአፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል መጥታ ከፒካፗ ኋላ ቆመች። ባሏን አላየችውም።

«መምህር፣ ጃፓን የደወለ የለም» አለች፣ የገበያ ዋጋ እንደምትነግር ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ። «ፍኖተ ሰላም ከአንድ የጣውላ ነጋዴ ነው የገዛናት፤ ፊደሎቹ ያኔም ነበሩባት። ፈረስ ቤትም ሄዳ አታውቅም፤ እሱ ዳገት ይፈራል። መንዳት ሲለማመድ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነበርሁ፤ አምስቱ የማርሹ መሆኑን ከዚያን ጊዜ ጀምሬ አውቃለሁ።»

መሐመድአወል የመኪናዋን ሳንቃ ያዘ።

«ወልውዬም አላውቅ፤ አንድ ቀንም። ጁምዓ ጁምዓ የሚወለውላቸው እሱ ነው፣ እኔ የተኛሁ እየመሰለው። አምስቷ ጋ ሲደርስ ይቆያል።» ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ «ለኔ ብለው አይደለም መምህር፤ ይንቀሉለት» አለች።