ስልክ ያለበት የለማጅ ሰሌዳ

ልጄ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ስለሆነ የተሰጣት ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ነው። ስትነዳ አጠገቧ ነባር ፈቃድ ያለው ሰው መቀመጥ፣ የኋላው መስታወት ላይም «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ መታየት አለበት። አንዱ ከጎደለ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ እንደገና ፈተና፣ እንደገና ወረፋ።

አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሰሌዳውንም የሠራሁት እኔው ነኝ፤ የማስታወቂያ ጸሐፊ አይደለሁ! የሰፈሩ ዳቦ ቤትና ጋራዥ ሁሉ የኔን ፊደል ነው የሰቀለው። ለልጄማ ልሰስት? ደማቅ ቀይ፣ ዙሪያውን ቢጫ። ጥጉ ላይ እንደ ልማዴ ስልኬን ጻፍኩበት።

ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትነዳ ትራፊክ ፖሊሷ አስቆመችን። ልጄ ፍሬቻ አሳይታ ጥጓን ይዛ ቆመች። ኮራሁባት።

«ሰሌዳሽስ?»

«ከኋላ ነው፣ ይምጡና ይዩት» ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። መስታወቱ ባዶ ነበር።

ዞር ስል ልጄ አንገቷን ደፍታለች። የሰሌዳው ጫፍ ከመቀመጫዋ ሥር ብቅ ብሏል። ያኔ ገባኝ። ሰሞኑን የማላውቃቸው ልጆች እየደወሉ «ለማጅን አቅርብልን!» ብለው ሲስቁ፣ ሥራ ፈቶች እያልኩ ስሳደብ ነበር የከረምኩት። ለካስ ስልኬን ሰሌዳው ላይ ጽፌ መሳቂያ ያደረግኳት እኔው ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ፤ ቤት ረስቼው ነው።»

«እጅዎ ሁሉ ቀለም ነው፣ ሰሌዳ ይረሳሉ?» አለች ፖሊሷ፣ የልጄን ፈቃድ እንደያዘች።

«አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» ብዬ የሥራ ሳጥኔን አወጣሁና መስታወቱ ላይ «ለማጅ» ብዬ ጻፍኩ። ነጭ ብቻ፣ ያለ ምንም ጌጥ። ብሩሹ በልማዱ ወደ ጥጉ ሄዶ አንድ ዜሮ ጣለ፤ ቶሎ ብዬ በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ፖሊሷ ራቅ ብላ አየችና ፈቃዱን መለሰች።

ልጄ ትንሽ ከነዳች በኋላ «አባዬ፣ ስልኩን ልትጽፈው ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ሲደውሉልህ ምን ትላቸው ነበር?»

«እሰድባቸዋለሁ እንጂ!»

«አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ድምፅህን ቀድተው ክፍል ውስጥ ያሰሙኛል።»

እስከ ትምህርት ቤቷ በር ድረስ ቀና ብዬ አላየኋትም።