የጫጩት እምብርት

ወይዘሮ ብዙነሽ ሰባተኛዋን ሙት ጫጩት ከካርቶኑ ያወጧት ገና ቁርስ ሳይቀመስ ነበር። ሃያ አምስት ሆነው ከመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ምራታቸው ሐሴት፣ እርግዝናዋ ገፍቶ ሆዷን በሁለት እጇ እንደደገፈች፣ ከበሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

"እማዬ፣ አሁንም?"

"አሁንም።"

ወይዘሮ ብዙነሽ ሐሴት ያልተናገረችውንም ሰሙት። ትናንት እራት ላይ ልጃቸው እዮብ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ "እማዬ፣ ለሕፃኑ የሰለጠነች ሞግዚት ብንቀጥርስ? አንቺም ታርፊ ነበር" ብሎ ነበር። እሳቸው ያርፉ! ስንቱን አራስ ያረሱ፣ እዚህ በሰው አገር፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ልጅ ተወለደ ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩ ሴት!

ይህን ሁሉ ያመጣው አቶ ወንዳፍራሽ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች መፈልፈያ ማሽን ጫጩት እያስፈለፈለ ለሐበሻው የሚሸጠው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲሞቱ ስልክ ቢደውሉለት፣ "እትዬ፣ እርስዎ እኮ ይነካኳቸዋል! ብርድ አስመቷቸው። እጅዎ አልሆነላቸውም" አላቸው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነበርና ቤተሰቡ ሁሉ ሰማ።

ከሁሉም የከፋው እሳቸውም ግማሽ በግማሽ ማመናቸው ነው። ጂኮውን፣ የከሰሉን ምድጃ፣ ሲያስጠጉ አቃጠልኳቸው፣ ሲያርቁ አቀዘቀዝኳቸው እያሉ ነው ሦስቱን ቀን የከረሙት። ይህ እጅ ጫጩት ካላቆመ፣ የልጄን ልጅ እንዴት ያቆማል?

ሰባተኛዋን በፌስታል ሊጠቀልሉ ሲገለብጧት ታዲያ፣ ከሆዷ ሥር ላባው እርጥብ ሆኖ ታያቸው። እፍ ብለው ገለጡት። ያልተከደነ፣ ቀይ፣ ያበጠ ነገር። አሸተቱት።

ይህን ሽታ ያውቁታል። ዱሮ የጎረቤት ሕፃን እምብርቱን ቤተሰቦቹ ቅቤ ቀብተውት መግሎ፣ በስንት መከራ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ በአራስ ቤት ቅቤ ይዞ ወደ እምብርት የቀረበን ሰው፣ አክስትም ትሁን አማት፣ ገፍተው ነው የሚያስወጡት።

"ብርድ አይደለም" አሉ ለብቻቸው።

ከሞቱት ሦስቱን በፌስታል ቋጥረው፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ወጡ። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ፣ "ማማ፣ ምሳ ነው?" አለና ተሳፋሪውን አሳቀ። እሳቸውም በዚያ በተሰባበረ ስዋሂሊያቸው፣ "ምስክር ነው" ብለው ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አደላደሉ።

የሄዱባት የእንስሳት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። "ሾሾ" አለቻቸው፤ እዚህ አገር አያት የምትጠራው እንዲህ ነው። የአንዷን ጫጩት ሆድ ቀዳ አሳየቻቸው። ወደ ሰውነቷ ገብቶ ማለቅ የነበረበት የእንቁላል አስኳል ቡናማ ውሃ ሆኖ ተቀምጧል።

"ከብርድ ነው?" አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። መልሱን ፈርተዋል።

"ብርድ ያዳክማል እንጂ እንዲህ አይሸትም። ጀርሙ የገባው ሲፈለፈሉ ነው፤ እምብርቱ ሳይደርቅ፣ ከቆሸሸ እንቁላል ወይ ከቆሸሸ ማሽን። የታመሙትን ይለዩ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ይህን በሽታ ግን እርስዎ አልሰጧቸውም።"

አጻፉት። ማኅተም አስመቱበት። ከዚያ ቀጥ ብለው ወንዳፍራሽ ሱቅ።

ቅዳሜ ነውና ሰው ሞልቷል። ዘኪያ የምትባለው የልብስ ነጋዴ ሃያ ጫጩት በካርቶን ይዛ ልትወጣ ነው።

"እትዬ ብዙነሽ! ምትክ እሰጥዎታለሁ እኮ፣ አይጩኹብኝ" አለ ወንዳፍራሽ።

"መች ጮህኩ? ገና ነኝ። እምብርታቸው መግሏል።"

"ጫጩት ደግሞ እምብርት አለው እንዴ?" ወንዶቹ ሳቁ።

"አንተስ የለህም? እንዲሁ ከሰማይ ነው የወደቅከው?" ሳቁ ወደሱ ዞረ። "ዘኪያ፣ እስቲ ካርቶንሽን።"

አንዷን አንስተው ገለበጡ፣ እፍ አሉ። "ይህቺ ደርቃለች፣ ደህና ናት።" ሁለተኛዋ እርጥብ። ሦስተኛዋም እርጥብ። ዘኪያ ጠጋ ብላ አሸተተችና ካርቶኑን መሬት አስቀመጠችው።

"ማሽንህን ክፈት።"

"እትዬ፣ የሰው ሥራ ላይ…"

ወንበር ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ቸኩዬ አላውቅም።"

ሰው ገብቶ መውጣት ሲያቅተው፣ ወንዳፍራሽ ከፈተ። የእንቁላል ቅርፊት፣ አሮጌ ላባ፣ ትሪው ላይ የደረቀ ኩስ።

"ላጥበው ነበር። ጊዜ አጥቼ ነው…"

"የእኔን እጅ ለማማት ጊዜ ነበረህ!" ቆሙ። "ደውል። ለእዮብ ንገረው።"

"ሃምሳ ጫጩት ልስጥዎት።"

"ከዚህ ማሽን? ደውል።"

ደወለ። "እዮብ… እ… የእናትህ እጅ አይደለም። ማሽኔ ነው።"

"ጮክ በል። በዚያን ቀን ድምፅህ ያምር ነበር።"

"ማሽኔ ነው!" አለ ወንዳፍራሽ፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማው።

ቤት ሲደርሱ ስምንተኛዋ ሞታለች። የታመሙትን ለይተው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ሦስቴ አሹ። ሐሴት ፎጣ ይዛ ከኋላቸው ቆመች።

"እማዬ፣ እዮብ ነገረኝ። ያነጋገርናትን ሞግዚት አትምጪ ብያታለሁ።"

"ለምን? ትምጣ እንጂ። ጨርቅ ታጥባለች።" ፎጣውን ተቀበሏት። "የልጄን ልጅ እምብርት የሚነካው ግን ይህ እጅ ነው። ቅር ያለው ካለ፣ ወንዳፍራሽን ይጠይቅ።"