የተያዘው አምስት በመቶ

"አሁንም እምቢ አለ" አለች ረውዳ።

ቅጂው ሰማንያ ሁለት በመቶ ላይ ደርሶ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ የወጣችው መልእክት አጭር ናት፤ ዲስኩ ላይ ቦታ የለም። የእሁዱ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰርግ ገና ተገልብጦ አላለቀም፤ ካርዱን ደግሞ ካሜራ ማኑ አላምረው ስምንት ሰዓት ላይ ይዞት ወደ ሳንጃ ይሄዳል። ጥር ነው። በጥር ጎንደር ውስጥ ያላገባ ካለ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

ኡዘይር ወንበሩን ወደ ማሽኑ ሳበ። በዚህ ቪዲዮ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሰርጎቹ ሁሉ የሚቀመጡበትን ይህን ማሽን ያቆመላቸው ኃይለ ማርያም የሚባል መምህር ነበር። ሰውየው ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር ሃያ የሚሆኑ ትእዛዞችን በደብተር ወረቀት ጽፎ ሰጠው፤ የይለፍ ቃሉንም ለእሱ ብቻ ነገረው። ኡዘይር ትርጉማቸውን ሳይጠይቅ ሸመደዳቸው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ዐብዱረሕማን የሙስበሓቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ገቡ።

"ምን ሆነ ደግሞ?"

"ሞላ።"

"አሮጌዎቹን አጥፋዋ! መጥተው ያልወሰዱትን። አምስት ዓመት ጠበቅናቸው፤ ከዚህ በላይ ምን እንሁን?"

ያልተወሰዱት አሥራ አንድ ሰርጎች ናቸው፤ ሁሉም የገጠር። ባለቤቶቹ ረስተዋቸው አይደለም። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ሲዲ ይዞ መሄድ ምን ያደርጋል? "መብራት ሲገባልን እንወስዳለን፤ አደራ" ብለው ትተውት ይሄዳሉ፤ ቤቱም "አይጠፋም" ብሎ ይቀበላል። ኡዘይር ራሱ ለአሥራ አንዱም "አይጠፋም" ብሏል።

"ኡዘይር፣ ቆይ አታጥፋ" አለች ረውዳ። "ዲስኩ እኮ አልሞላም።"

"ሞላ እያለሽ አይደል እንዴ!" አለ ኡዘይር።

"ጠቅላላውን እየው፤ ከዚያ ሰርጎቹ የያዙትን ቀንስለት። ዘጠና ጊጋ የሚሆን የት እንደገባ አይታወቅም። ማሽኑ የሚሠራበት ሊኑክስ ዲስኩን መጀመሪያ ሲያሰናዳ አምስት በመቶውን ለዋናው ተጠቃሚ ብቻ ይይዛል። እኛ የምንገለብጥበት ስም ያንን አይነካም። ሰርግ ብቻ ለሚቀመጥበት ዲስክ ደግሞ ይህን ያህል መያዝ አያስፈልግም። በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ አንድ በመቶ ይወርዳል። ቱን-ቱ-ኤፍ-ኤስ ይባላል። የሚጠፋ ነገር የለም።"

ጋሽ ዐብዱረሕማን ሳቃቸው መጣ። "ሰማህ ኡዘይር? ኢንጂነሯ ምን እንደምትል! ቀድሞ ከወጣ ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ ማለት ይህ ነው።"

ኡዘይር ለይሉኝታ ሳቀ። ይህች ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ እዚህ ከገባች ገና አምስት ሳምንቷ ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ "ኢንጂነር" ተባለች። እሱ በዘጠኝ ዓመት "ኡዘይር" ከመባል አላለፈም። ቀናባት። በአነጋገሯ ቀናባት፣ ቁጥሮቹን ዓይታ ወዲያው በመቀነሷ ቀናባት። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር፤ ቁጥሮቹ እንደማይገጥሙ እሱም አስተውሎ ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት አስተውሎ፣ አላዋቂ እንዳይባል ማንንም ሳይጠይቅ ተወው። ልጅቷ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ይህ ነው ያበገነው።

"ጋሼ፣ ይህ የሰው አደራ ያለበት ዲስክ ነው" አለ ወደ ባለቤቱ ዞሮ። "መለማመጃ አይደለም። በዚያ ትእዛዝ አንድ ፊደል ብንስት ያለው ሰርግ ሁሉ ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

አባባሉ ሲሰሙት የአስተዋይ ሰው ነው። ጋሽ ዐብዱረሕማን ሳቃቸውን ተዉት።

"እሱስ እውነቱን ነው። ማሽኑን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ረውዳ። እሱ ካለ አለ ነው። አጥፋቸው በል፤ ከስምንት ሰዓት በፊት ይለቅ" ብለው ወጡ።

"እሺ ጋሼ" አለች ረውዳ ከኋላቸው። ኡዘይር አሥራ አንዱን ፎልደሮች ለማጥፋት አንድ በአንድ መምረጥ ጀመረ። ማሸነፉ ለጊዜው ደስ አለው። አራተኛው ላይ ሲደርስ በሩ ተንኳኳ።

"እንዴት ዋላችሁ?"

ቢያዝንና ሚስቱ ሽታዬ ናቸው። ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ በየዓመቱ አዝመራው ሲገባ ይመጣሉ። እህላቸውን ሸጠው፣ የሚገዙትን ገዝተው፣ የገዛ ሰርጋቸውን እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዓይተው ይመለሳሉ። ዘንድሮ ሽታዬ ጥቁር ለብሳለች።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አለ ኡዘይር።

"አያ አዳነ አረፉ" አለ ቢያዝን። "የሷ አባት። በሐምሌ። ፎቶ የሚባል አልተነሡም። መልካቸው ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ ለዚያ ነው ዘንድሮ ቶሎ የመጣነው።"

ኡዘይር ዞር ብሎ ስክሪኑን አየ። አራተኛው ፎልደር የእነሱ ነበር። ምርጫውን አነሣና ቪዲዮውን ከፈተው።

አያ አዳነ ዳሱ ውስጥ ቆመዋል። ከጭፈራው ጩኸት ጋር እየታገሉ "እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ" ይላሉ፤ ከዚያ ካሜራው እንደሚያያቸው ሲያውቁ ደንገጥ ብለው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ሽታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አነባች።

"ድገምልኝ እስቲ ወንድሜ፤ እዚያ ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉባትን።"

ደገመላት። ሦስት ጊዜ ደገመላት።

"ሸጋ ነው" አለ ቢያዝን ሲነሣ። "ምሰሶው ቆሟል። ለከርሞ መብራት ይገባል ይላሉ፤ ያኔ እንወስደዋለን። አደራህን።"

"አይጠፋም" አለ ኡዘይር። ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው።

ሲወጡ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ረውዳ ለዙህር ሰላት ወጥታለች። የእነ ቢያዝንን ትቶ ሌሎቹን አሥሩን ሊያጠፋ አሰበ። ግን ከአሥሩ ውስጥ ስንት አያ አዳነ እንዳለ ምን ያውቃል? ዞር ብሎ በሩን አየና ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተ። ራሱ ሊያደርገው ነው። ካደረገው የሱ ይሆናል፤ ጋሽ ዐብዱረሕማንም "አላልኳችሁም?" ይላሉ።

የትእዛዙን ስም እንደሰማው ጻፈው። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ረጅም ዝርዝር ወረወረለት። ቁጥሩ የት ይገባል? ማሽኑ ውስጥ ያሉት ዲስኮች ሁለት ናቸው፤ የሰርጉን በየትኛው ስም ይጠራዋል? አንዱን ገምቶ ጻፈና ጣቱን የኢንተር ቁልፍ ላይ አሳረፈ። ቅድም ለጋሽ ዐብዱረሕማን እንደ ሰበብ ያቀረበው ፍርሃት አሁን የእውነት መጣበት። ጣቱን አነሣ።

ረውዳ ሂጃቧን እያስተካከለች ስትገባ መስኮቱን ለመዝጋት አልደረሰም። የተጻፈውን አየችው።

"ረውዳ" አለ። "ያችን የጠዋቷን ነገር አሳዪኝ።"

ትኮራበታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ብትኮራበት ይቀለው ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ደግ አደረግክ አለመጫንህ። ይሄ የሌላኛው ዲስክ ስም ነው። የሚጠፋ ነገር አልነበረም፤ ግን የምትነካው ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ነበር። መጀመሪያ ሳንነካ እንየው።" አንድ ሌላ ትእዛዝ ጻፈች። "የይለፍ ቃሉ?"

ለማንም ነግሮት አያውቅም። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት።

ዝርዝሩ መጣ። በጣቷ አንዱን መስመር አሳየችው፤ የተያዘ፣ ከጠቅላላው ሲሰላ አምስት በመቶ። ከዚያ አጭሯን ትእዛዝ ጻፈች፤ አንድ ቁጥር፣ የዲስኩ ስም፣ በቃ። ማሽኑ አንዲት መስመር መለሰ። ትንፋሽ ያህል እንኳ አልፈጀም። ባዶ ቦታውን ስትጠይቀው ሰባ ሦስት ጊጋ አለ። ሰርጎቹ አሥራ አንዱም ባሉበት ናቸው። ቅጂውን እንደገና አስጀመረችው፤ ሰማንያ ሁለትን አለፈ።

ኡዘይር ተነፈሰ። ደስ አለው፤ ቅናቱ ግን ከደስታው ጋር አብሮ ነበር፣ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ የተቀመጠው እሱ ነበር።

ጋሽ ዐብዱረሕማን ከአላምረው ጋር ሲገቡ ቅጂው አልቆ ካርዱ ወጥቷል።

"ጨረስክ? ስንቱን አጠፋህ?"

"አንድም አላጠፋሁ።"

"ታዲያ ቦታው ከየት መጣ?" ስክሪኑን አዩ፤ ቁጥሩን አዩ፤ ፊታቸው በራ። የኡዘይርን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። "እኔኮ ብያለሁ! ማሽኑን የሚያውቀው እሱ ነው። አላልኩሽም ረውዳ?"

ረውዳ አንገቷን ደፍታ የካሜራውን ገመድ ትጠቀልላለች። እንደማትናገር ገባው። ዝም ቢል ነገሩ የሱ ሆኖ ይቀራል።

"እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት" አለ።

ይህን ብቻ ብሎ ቢያቆም እንደ ትሕትና በተቆጠረለት። ጋሽ ዐብዱረሕማንም "ኧረ ተው" ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል።

"ጠዋትም ልክ መሆኗ ገብቶኝ ነበር፣ ጋሼ። የፈራሁ መስዬ ያስቆምኳት ቀንቼ ነው።"