ድንኳኑ ውስጥ የቆመችው መኪና

«መኪናዋ ትውጣና ድንኳኑ እዚህ ይተከል» አሉ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ማሙሸት፣ ምሰሶ የተሸከሙትን ሰዎች በእጃቸው እየመሩ።

«አትወጣም፣ ጋሽ ማሙሸት» አለች ሎዛ።

ምሰሶ የተሸከሙት ሰዎች ባሉበት ቆሙ። አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ የዕድር ዳኛን «አይሆንም» ብሎ መመለስ በአዲስ ከተማ የተለመደ አይደለም። መላሿ የሟች ልጅ ብትሆን አንድ ነገር ነው። ሎዛ ግን የሟቹ የጋሽ ይገረም ሠራተኛ ናት፤ አብራቸው የመኪና የውስጥ ልባስ ትሠራለች። ጠዋት እንደ ወትሮው ሥራ ልትገባ መጥታ፣ ጋሽ ይገረም በተኙበት ማረፋቸውን የሰማችው ግቢው በር ላይ ነው። የማስቲሽ ሙጫ የጠጣ ቱታዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ለምንድን ነው የማትወጣው?»

«ጋሼ ትናንት የጣራዋን የመጨረሻ ልባስ ለጥፈው፣ ከውስጥ በባላ ደግፈው ነው የገቡት። ጣራው ጎባጣ ነው፤ የልባሱ ጣውላ፣ ኮምፔርሳቶው ደግሞ ልቃና ይላል። ሦስት ቀን ሳይነካ መቆየት አለበት። አሁን ከተገፋች ባላው ይንሸራተትና ልባሱ ይወርዳል።»

«ይውረዳ!» ብለው ጮኹ የሟች ታላቅ እህት እትዬ እታለም፣ ከቤቱ ደጃፍ ላይ። «ወንድሜ ሞቶብኝ ስለ ጣውላ ታወራልኛለች! ለመሆኑ እሷ ማን ናት?»

ሎዛ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ጋሽ ማሙሸት ዞረች። «የእጃቸው የመጨረሻ ሥራ ነው። ነገ ምን አለሽ ተራ ላይ ‹ይገረም የለጠፈው ወረደ› እንዲባል አልፈልግም።»

ጋሽ ማሙሸት መኪናዋን አዩ፣ ሎዛን አዩ። እሳቸው ራሳቸው ይገረም ባለበሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስንት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። «በሉ እንግዲህ፣ ድንኳኑን ከነመኪናዋ ትከሉት» አሉ።

እንዲህ ሆኖ መኪናዋም ለቅሶ ተቀመጠች። ነጭ ናት፤ የቆርቆሮ ጣራዋ ተቆርጦ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ከፍ ያለ የፋይበር ጣራ ተገጥሞላታል። ባለቤቷ ኸይረዲን ቱሪስት ይዞ አገር የሚዞር ሰው ነው። አልጋም ምድጃም አስገብቶባት፣ እንግዶቹ መሸብን ሳይሉ የሚያድሩባት ቤት ሊያደርጋት ነው። የሰፈሩ ሰው «ቤት ኪራይ ያንገሸገሸው ቤቱን ጎማ ላይ ይሠራል» እያለ ሲቀልድ ከርሟል። ከቀብር መልስ ግን ያው የሰፈሩ ሰው ጀርባውን አስደግፎባት ንፍሮውን ይዘግን ጀመር። አንዱ ኮቱን መስታወቷ ላይ ሰቀለ። ሴቶቹ የዕድሩን ሳህን ሊያስቀምጡባት በሩን ሲከፍቱ ሎዛ ደርሳ ከለከለቻቸው፤ በሩንም በገመድ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ሰው በተደገፋት ቁጥር «እባክዎ ጋሼ፣ እዚያ ወንበር አለ» እያለች ስትዞር ዋለች።

«ምስኪን፣ ድንጋጤው ነካት እንዴ?» አለች አንዷ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ።

«መኪናዋን ልትወርስ አስባ ይሆናላ» አለች ሌላዋ። ለቅሶ ቤት መቼም ወሬ አይጠፋም።

ደግነቱ ደግ ወሬም አይጠፋም። ወገቡን የሚያመው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጋሽ ይገረም ሳይጠየቁ ወንበሩ ላይ ስፖንጅ ደርበው እንደሰፉለት እያወራ አለቀሰ። ሌላው መኪናውን ሊያሠራ መጥቶ ሚስቱን እንዲታረቅ ተመክሮ መመለሱን ተናገረ። «መኪናዋንስ?» ሲሉት «እሷንም ሠሩልኝ» አለ፤ ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ሆነ። የሟች ባለቤት እትዬ ሙሉዬ እንኳ በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ።

ሎዛ የራሷ ታሪክ ነበራት፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። እናቷ ከሞተች በኋላ እህል በረንዳ ጤፍ እየነፋች ነበር የምትኖረው። አንድ ቀን ለትራስ የሚሆን ቁርጥራጭ ስፖንጅ ፍለጋ እዚህ ግቢ ገባች። ጋሽ ይገረም ሰፊ ልባስ በአናታቸውም በክርናቸውም ተሸክመው ጣራ ላይ ሊለጥፉ ብቻቸውን ይታገላሉ። ማን እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቁ «እዚያ ማዶ ያዥልኝ» አሏት። ያዘች። በማግስቱም መጥታ ያዘች፤ እንደያዘች ቀረች።

መጀመሪያ ብቻዋን የለጠፈችው ልባስ ምሳ ሰዓት ላይ ተላቆ አናታቸው ላይ ወደቀ። ልታለቅስ ስትል እሳቸው ልባሱን እንደተከናነቡ «ኮፍያው ልኬ ነው፤ ቀለሙን ግን ጠቆር አድርጊልኝ» አሏት። ከዚያ አስቀምጠው አስተማሯት። ፋይበሩ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ አቧራው ይጠረጋል። ማስቲሹ በጣራውም በልባሱም ይቀባል። ከባዱ ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም መጠበቅ ነው። በጣት ጀርባ ሲነካ ጣት መያዙን የተወ ጊዜ ብቻ ይገጠማል። አንዴ በቅጡ ከያዘ ደግሞ ቢለምኑትም ንቅንቅ አይልም። «እንቁላልም በእግሩ የሄደው ማስቲሹ እስኪደርቅ ስለጠበቀ ነው» ይሉ ነበር። ሎዛ ዛሬ ባለሙያ ተብላ የምትጠራው በእሳቸው ነው፤ ለዚህም ጠዋት ማታ ታመሰግናቸው ነበር።

በቀብሩ ማግስት ኸይረዲን ከሚስቱ ከሰዓደት ጋር ሲገባ ሎዛን ፍርሃት ያዛት። እንግዶቹ በዚያ ሳምንት እንደሚገቡ ታውቃለች። ከኋላዋ «መኪናውን ሊወስድ መጣ» ሲባልም ሰማች። ኸይረዲን ግን መኪናዋን ዞር ብሎ አላየም። እትዬ ሙሉዬን ጎንበስ ብሎ «አላህ ያጽናዎት» አላቸውና ሎዛ አጠገብ ተቀመጠ።

«እንግዶችህስ?» አለችው።

«ሌላ መኪና ተከራየሁላቸው። ጋሽ ይገረም የተቀበሉኝ እኮ የሄድኩበት ጋራዥ ሁሉ ‹ፋይበር ላይ አይይዝም› ብሎ ከመለሰኝ በኋላ ነው። እሳቸው ‹አልጠበቁት ይሆናል እንጂ ይይዛል› አሉኝ። ታዲያ አሁን እኔ ልቸኩልባቸው?»

«ኑርልኝ» አለችው ሎዛ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ውሃው ድንኳኑ ላይ አቆረና ሸራው ረግቦ የመኪናዋ ጣራ ላይ ተጫነ። ወንዶቹ በእንጨት ከሥር እየገፉ ሲያፈሱት መኪናዋ ተወዛወዘች፤ ከውስጥም ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሎዛ ገመዱን ፈትታ ዘላ ገባች። አንዱ ባላ ወድቋል። ልባሱ አልወረደም፤ ጠርዙ ጋ ግን የፀጉር ያህል ክፍተት አለ። ባላውን መልሳ አቆመችና ከሥሩ ሽብልቅ አስገብታ፣ ክፍተቱ እስኪጠፋ ቀስ እያለች በመዶሻ መታች።

«ምን ትሠሪያለሽ?» እትዬ እታለም ነጠላቸው ረጥቦ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ባላው ወድቆ ነው።»

«ይገረም የለጠፈው ይወድቃል ብለሽ ነው? ወንድሜ በሥራው ታምቶ አያውቅም።»

ሎዛ መዶሻውን አስቀመጠች። «ጣታቸው አይሰማቸውም ነበር፣ እትዬ» አለች። «ስኳሩ ነው። ከአምና ጀምሮ ማስቲሹ ይድረቅ አይድረቅ ጣታቸው አይነግራቸውም። ደንበኛ እንዳይሸሻቸው ብለው ደበቁት። ‹ሎዚ፣ ጣትሽን አውሺኝ› ይሉኛል። እጄን ይዘው ማስቲሹን ያስነኩኝና ‹ምን ይላል?› ይሉኛል። ‹ገና ነው› ካልኩ ገና ነው፤ ‹ደርሷል› ካልኩ ይገጥሙታል። አንድ ቀን ተጠራጥረውኝ አያውቁም።»

«ይሄንንስ?»

«ይሄንንም ‹ደርሷል› ያልኩት እኔ ነኝ። ቢወርድ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሚነሳው ስም ግን የእሳቸው ነው። ያን ያህል አምነውኝ፣ ሞተው ላሳፍራቸው?»

እትዬ እታለም ገብተው የጎማው ሽፋን ጉብታ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። «ለእኔ በስልክ ‹ደህና ነኝ› ነበር የሚለኝ» አሉ። «እኔም ደህና ነው እል ነበር።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ከዚያ ቀና ብለው ሎዛን አዩዋት። «ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

የሰልስቱ ለት ለቀስተኛው ምሳ ቀምሶ ከተበተነ በኋላ ጋሽ ማሙሸት ድንኳኑን አስፈቱ። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ብቻዋን ቀረች። ጋሽ ማሙሸት፣ እትዬ ሙሉዬና እትዬ እታለም በሩ ጋ ቆመው እያዩ ሎዛ ባላዎቹን ከኋላ ጀምራ ታነሳ ጀመር፤ ኸይረዲን ከእጇ እየተቀበለ መሬት ላይ ያጋድማቸዋል። ዝናቡ ጥሎት የነበረው ባላ መጨረሻ ላይ ቀረ። ሎዛ አንድ መዳፏን ልባሱ ላይ ደግፋ፣ በሌላ እጇ ሽብልቁን መታ አደረገችና ባላውን አወጣችው።

ልባሱ ድምፅ አላሰማም። አልረገበም።

«ያዘ?» አለ ኸይረዲን።

«ያዘ» አለች ሎዛ።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ ማሙሸት። እትዬ ሙሉዬ «ይገረምዬ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሎዛ እጇን አላወረደችም፤ እንባዋ በክንዷ ላይ ይወርዳል።

እትዬ እታለም ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። «እጅሽን አውርጂ እንጂ ልጄ፣ ይዟል እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እትዬ እታለም አጭር ናቸውና በእግራቸው ጣት ተነስተው የራሳቸውን መዳፍ ከሎዛ መዳፍ ጎን ጣራው ላይ አሳረፉ። ውጪ ኸይረዲን ባላዎቹን ይሰበስባል፣ ጋሽ ማሙሸት የድንኳኑን ገመድ ይጠቀልላሉ። ማንም ውረዱ አላላቸውም።