ደህና ነኝ ባዩ ባንታምላክ

ባንታምላክ እግሩ ቅል አህሎ፣ በገመድ አልጋ ተጋድሞ፣ አራት ሰው ተሸክሞት ክሊኒክ ገባና «እንዴት ነህ?» ቢባል «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ አረፈው። የመከራው ሁሉ መጀመሪያ ይቺ ናት።

ሚስቱ ሐመልማል ከግርጌው ቆማ ሰማችው። አልገረማትም። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በነዚህ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ባንታምላክ ከመተማ ቆላ ሰሊጥ ሊያጭድ በየዓመቱ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን የሚገባ፣ ጉልበቱ የማይታማ ሰው ነው። የሚታማው በጨዋነቱ ነው። ዘንድሮ ማጭዱ ስቶ ቅልጥሙን ሲከፍተው፣ ጓደኞቹ እየሮጡ ሲመጡ፣ «ምንም አይደል፣ ሥራችሁን ሥሩ» እያለ ደሙን በአፈር ሲያደርቅ ነው ያገኙት። አፈሩ ነው እንግዲህ ጉዱን ያመጣው። በሁለተኛው ሳምንት እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ ጠቆረ።

ከሾዋክ ከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር የተተከለው የድንኳን ክሊኒክ ቁስል ያጥባል፣ ኪኒን ያድላል፤ ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ቁስል አጣቢው ሐመልማልን ለብቻዋ ጠርቶ እቅጩን ነገራት። ገዳሪፍ ሆስፒታል ቶሎ ካልደረሰ እግሩ ይቆረጣል፤ ጭራሽ ከዘገየ የሚቀበረው እግሩ ብቻ አይሆንም። ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው መኪና ደግሞ ያለ ወረቀት አያሳፍርም፤ ወረቀቱን የሚሞላው ኡስታዝ ባቢክር ነው።

ባቢክር ጦርነቱ ከኦምዱርማን ያፈናቀለው፣ ቀድሞ መምህር የነበረ ቀጭን ሰው ነው። ዓይኑን ከወረቀት አያነሳም። ወረቀቱ ላይ «ሕመምተኛው ስለ ጤንነቱ በራሱ አንደበት ምን ይላል?» የሚል አንድ መስመር አለ። በራሱ አንደበት፤ በሚስቱም፣ በጓደኛውም አይደለም። ዘመድ እያጋነነ ስላስቸገረ ነው አሉ። ሕመምተኛው ደህና ነኝ ካለ ፋይሉ ይዘጋና ለሦስት ቀን ይቀጠራል።

«ኬፍ ሐሉክ?» አለ ባቢክር በዚያች ሰኞ፣ እንዳቀረቀረ።

«እንዴት ነህ?» ብሎ ተረጎመ ሉጥፊ። ሉጥፊ የኢትዮጵያዊ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመቱን የደፈነ፣ በሁለቱም ቋንቋ አፉን የፈታ።

ባንታምላክ ላብ ፊቱ ላይ እየወረደ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ያንን የተለመደ መልሱን ሰጠ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተማም» ብሎ አስተላለፈ ሉጥፊ። ባቢክር ጻፈ፤ ማኅተሙን ዷ አደረገ።

«እንዴ!» አለች ሐመልማል። «ኧረ በፈጠረህ፣ እግሩን አታየውም? ንገረው እንጂ!»

«እህቴ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። እግሩ ምንም አልተናገረም።»

«ላቡስ? መንቀጥቀጡስ?»

«ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ላብ ቋንቋ አይደለም» አለ ሉጥፊ፣ መነጽሩን ወደ ላይ እየገፋ። «የሰማሁትን እተረጉማለሁ፤ ያየሁትን አልጨምርም። ዛሬ አንድ ነገር ብጨምር ነገ ማን ያምነኛል?»

ሰውየው ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉን ሰው እግሩ ላይ ወድቀው ይለምኑታል። ሉጥፊ ግን ሐቀኛ ነበር፤ ሐቀኛን በምን ያባብሉታል!

አራቱ ሰዎች አልጋውን አንሥተው፣ በዚያ በሚፋጅ ፀሐይ ወደ እርሻው ካምፕ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ተመለሱ። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ እንዳለው የሚባል ነው፤ የባንታምላክ የአገሩ ልጅ፣ ምላሱ እንደ ማጭዱ የሚቆርጥ።

«አያ ባንታ» አለ፣ «እኔ ትከሻዬ ተላልጦ አንተ ደህና ነኝ ትላለህ? ደህና ከሆንክ በል ውረድና ተራህን ተሸከመኝ!»

ባንታምላክ አፈረ። «ምን ላድርግ ታዲያ? ሰውየው የጠየቀኝ እኮ አንዴ ነው።»

እንዳለው ሣቀ። ሐመልማል ግን አልሣቀችም፤ ነገሩ ገባት። በነሱ አገር አንዴ ጠይቆ የሚሄድ ጠያቂ የለም። የመጀመሪያው «ደህና» የእግዜር ድርሻ ነው፤ ሁለተኛው ጠያቂውን ላለማስጨነቅ ይባላል። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ቤቱን እያነሣ ይመላለሳል። በሦስተኛው ላይ የተጠያቂው ድምፅ ይሰልላል፣ ዓይኑ ይሸሻል፤ በአራተኛው እውነቱ ዱብ ይላል። «ጠግቤአለሁ» ያለውን እንግዳ ባንዴ አምኖ መሶቡን የሚያነሣ ባለቤት ካለ መሳቂያ ነው። ያንን ወረቀት ያዘጋጀው የየት አገር ሰው እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ እንግዳ ተቀብሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሁለት ቀን ሙሉ አሠለጠነችው።

«አመመኝ በል።»

«ተመስገን፣ አመ...»

«ተመስገኑን ተወው!»

«እግዜርን ሳላመሰግን ስሞታ ልጀምር? እንደ ውሻ?»

«ከስሞታው በኋላ አመስግነው!»

«እሱማ ሰድቦ ይቅርታ መጠየቅ ይሆናል» አለና ባንታምላክ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። ሐመልማል ልታንቀው ምንም አልቀራት። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት። ይህ አፍ ነው ጠላታችን፤ አፉ ይዘጋ። ምንም ትንፍሽ ሳይል እግሩ ራሱ ይናገር።

ሐሙስ ዕለት ተሸክመውት ተመለሱ። ባንታምላክ ከንፈሩን ገጥሞ ተኛ። ባቢክር ጠየቀ፤ መልስ የለም። ግራ ገብቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለና፣ «ያምሃል?» ሲል ጠየቀ። ሉጥፊ ተረጎመ።

ባንታምላክ «እህ!» ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

በነሱ አገር «አዎ» ለማለት አፍ መክፈት ግዴታ አይደለም፤ አየሯን ሳብ ማድረግ ይበቃል። ባቢክር ግን የኦምዱርማን ሰው ነው። ወንበሩን ገልብጦ ብድግ አለና የአስም መንፊያ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ሳይጠይቅ ሳያጣራ ባንታምላክ አፍ ውስጥ ሁለቴ ነፋበት።

«አሁን ተሻለህ?»

ባንታምላክ ሰውየው ስለደከመለት ሊያስቀይመው አልፈለገም። «እህ!» አለ። ባቢክር ደንግጦ እንደገና ነፋበት።

«በደንብ ትተነፍሳለህ?»

«እህ!»

እንደገና። እንዳለው ሣቁን ለመደበቅ ከድንኳኑ ወጥቶ ሮጠ። ሐመልማል ሉጥፊን በእጅጌው ያዘችው። «አዎ ማለቱ ነው! ታውቃለህ እኮ! እናትህስ እንዲህ አይደል የምትለው?»

ሉጥፊ በደንብ ያውቃል፤ እናቱ ቤት ቀኑን ሙሉ በትንፋሽ ነው የሚግባቡት። አንገቱን ደፋ። «ቃል አልወጣውም፣ እህቴ። ትንፋሽ ከተረጎምኩ ወላሂ ማቆሚያ የለውም።»

«ከባድ አስም» ተብሎ ተጻፈ። ባንታምላክ መንፊያውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ እግሩን እንዳበጠ ይዞ ወደ እርሻው ተመለሰ።

በቀጠሮው ቀን፣ እሑድ፣ እግሩ መሽተት ጀምሮ ነበር። በመንገድ ላይ እንዳለው እንኳ አልቀለደም። ቁስል አጣቢው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ሐመልማልን «ዛሬ» ብቻ አላት። ሐመልማል ከዚህ በኋላ ምንም ዘዴ አልነበራትም። ባቢክር እግር ላይ ልትወድቅ፣ ጠረጴዛውን ልትገለብጥ፣ የመጣው ይምጣ ብላ ገባች።

«ኬፍ ሐሉክ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ ባንታምላክ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ከዚያ ማንም ሳያስበው ጨመረ። «እርስዎስ፣ ኡስታዝ? ደህና ነዎት?»

ሐመልማል አቅሏን ልትስት ደረሰች። ነፍሱ ልትወጣ የሰው ጤና ይጠይቃል! ግን ቃል ነውና ሉጥፊ ግድ ተረጎመው።

«ተማም፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ባቢክር። ቀኝ እጁ ይጽፋል፤ ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ይገለብጠዋል፣ መልሶ ያገላብጠዋል።

«ቤተሰብስ?» አለ ባንታምላክ።

«ተማም።» አሁን ድምፁ ወረደ።

«ልጆችስ?»

«ተማም፣ ተማም።» እስክሪብቶው ቆመ።

«እናትዎስ?»

ባቢክር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሐመልማል ከባሏ እግር ላይ ዓይኗን አንሥታ ሰውየውን ያን ጊዜ ገና አየችው። ሸሚዙ ሰፍቶታል። የዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሦስት ቀጠሮ ሙሉ አያየንም ብላ የረገመችው ሰው፣ እሷም አንዴ በቅጡ አላየችውም ነበር።

ባቢክር ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ሉጥፊም ቀስ ብሎ ተረጎመ። «እናቴ አልወጣም ብላ ኦምዱርማን ቀርታለች። ስልኳን ካነሣች አርባ ሦስት ቀን ሆናት። ወላሂ፣ ደህና አይደለሁም።»

ባንታምላክ ከንፈሩን መጠጠ፤ ረዘም አድርጎ፣ ከልቡ። ሉጥፊ ይህን አልተረጎመም፤ ባቢክርም ትርጉም አልጠበቀም። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

ከዚያ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥቶ መጣና አልጋው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ያንን ወረቀት ይዞ አልነበረም። «አንተስ?» አለ።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

«ሚስትህስ?»

«ደህና ናት።»

«እግርህስ? ያምሃል?»

ባንታምላክ ዓይኑን ጨፍኖ «እህ» አለ። መንፊያውን የፈለገ ሰው አልነበረም። ባቢክር ጨርቁን በራሱ እጅ ገለጠ፤ አየ፤ መልሶ ሸፈነው። ወደ ወረቀቱ ሄዶ ይጽፍ ጀመር።

«ይልኩታል?» ብላ ጮኸች ሐመልማል። «ኡስታዝ፣ ይልኩታል ወይ?»

ባቢክር ቀና ሳይል ምላሱን ከትናጋው አላቅቆ «ጭ!» አደረገ።

ይህቺን ድምፅ ሐመልማል ታውቃታለች። በአገሯ «ሂጂ ወዲያ፣ ምን ቆርጦኝ!» ማለት ናት። መሬት ላይ ተዘርግታ ኡኡታዋን አቀለጠችው። እንዳለው ሊያነሣት ይታገላል፤ ባንታምላክ ከአልጋው ላይ «ኧረ ሰው ይሰማል» ይላል፤ ባቢክር ምን እንደነካት ሳይገባው እስክሪብቶውን ይዞ ፈዝዟል።

ሉጥፊ ባቢክርን አየ፣ ሐመልማልን አየ። መነጽሩን አወለቀ። ላቡን ጠረገ። ሃይማኖቱን የሚቀይር ሰው እንኳ እንዲያ አይጨነቅም።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ፣ «እሺ ማለቱ ነው። እኛ ሱዳኖች እንዲህ ጭ ካደረግን እሺ ማለታችን ነው። ቃል አይደለም። ግን እሺ ነው።»

ደግሞ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን አነበበላት። ሕመምተኛው በራሱ አንደበት ምን ይላል ከሚለው ሥር ባቢክር እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «ደህና ነኝ ይላል። እኔም እንደዚሁ እላለሁ። አሁኑኑ ገዳሪፍ ይወሰድ።»

ቦክሲ የሚሏት ፒካፕ ከኋላዋ ፍራሽ ተነጥፎባት መጣች። ባንታምላክን ጫኑት፤ ሐመልማል ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። መኪናዋ በየጉድጓዱ ስትዘል ፊቱ ይጨማደዳል፤ መልሶ ፈገግ ለማለት ይሞክራል። ይህ ፈገግታው ከእግሩ ይልቅ አስፈራት። ሐኪሙም አንዴ ቢጠይቀውስ?

«እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ።»

«እውነት፣ እንዴት ነህ?»

«ተመስገን ነው።»

«ባንታምላክ፣ እንዴት ነህ?» እጁን ያዘችው። ጣቶቿን ጭምቅ አደረጋቸው፤ ግን «ምንም አልል» አለ። እጁና አፉ ሲጣሉ አሥራ አንድ ዓመት ዳኝታለች። አልለቀቀችውም። ፊቷን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኑ ውስጥ እያየች ለአራተኛ ጊዜ ጠየቀችው። «እንዴት ነህ?»

እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

«አመመኝ» አለ። «ሐመልማል፣ በጣም አመመኝ። ፈርቻለሁ።»

ሐመልማል ምን እንደምታደርግ ሳታውቀው፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን ለቀቀችው። ልቧ እየነደደ፣ እንባዋ እየዘነበ፣ እልል! አለች፤ ደገመች፤ ሦስተኛም ለቀቀችው። ሾፌሩ ሠርግ የጫነ መሰለውና ጥሩምባውን እያከታተለ ይነፋ ጀመር። እንዲህ እየጮሁ ሾዋክ ገበያ መሐል ደረሱ። ሻይ ሻጮቹ እልልታውን ተቀበሏቸው፤ ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጣቶቻቸውን እያጮሁ «መብሩክ! መብሩክ!» ብለው መረቋቸው። ባንታምላክም ጨዋ ነውና ራሱን ከጭኗ ቀና አደረገ፤ እያለቀሰ በአንድ እጁ ሚስቱን ጥርቅም አድርጎ እንደያዘ፣ በሌላው እጁ ግራና ቀኝ ሰላም አላቸው።